የብረቱ አምባ በክረምት

ከህንድ ከተመለስኩ ወዲህ የእድርተኛው ሁሉ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ታጅ ማሃልን አየሽው?» አላየሁትም። ታጅ ማሃል ያለው አግራ ነው። እኔ የሰነበትኩት ከዚያ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በፑኔ ከተማ ነው። ያየሁት ዝናብ፣ ጭጋግና አምባ ነው ስላቸው፣ «ታዲያ ለዚህ ነው ባሕር ተሻግረሽ የሄድሽው?» የሚል ፊት ያሳዩኛል።

የሄድኩትስ ለዚህ አልነበረም፤ ልጄን ላርሳት ነው። የልጄ ባል ፑኔ ውስጥ የሦስተኛ ዲግሪውን ይማራል። ቤተሰቡን ይዞ ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል። በግንቦት መጨረሻ ሁለተኛ ልጃቸው ስትወለድ፣ ገንፎ የሚያገነፋና ሕፃን የሚያጥብ ሰው ያስፈልጋል ተባለና የበሶውን፣ የአጃውንና የበርበሬውን ሻንጣ ጎትቼ ሄድኩ። በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ ሠላሳ ስድስት ዓመት በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ሠርቻለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው። አራስ መጠበቅ ለእኔ ሥራ ሳይሆን ዕረፍት ነው።

ያልጠበቅሁት ሌላ ነገር ነበር፤ የመጀመሪያው የልጅ ልጄ። ከአዲስ አበባ ሲወጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ አፉ ማር የሚባል ዓይነት። አሁን አሥር ዓመቱ ነው። ከእናቱ ጋር እንግሊዝኛ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሂንዲ፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ማራቲ ይናገራል። የእኔን አማርኛ ይሰማል፤ መልሱ ግን «ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምርና ሦስተኛው ቃል ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። እኔም እንግሊዝኛውን አላጣሁትም፣ የተማርኩበት ነው። ነገር ግን አያት ሆኖ ከልጅ ልጅ ጋር እንደ ስብሰባ በእንግሊዝኛ ማውራት ሆድ ያስብሳል። ይህን ለእናቱ አልነገርኳትም፤ አራስ ናት።

እነሱ የሚኖሩበት የጋራ መኖሪያ ግቢ እዚያ «ሶሳይቲ» ይባላል። የሶሳይቲው ሰዎች በየክረምቱ ተሰባስበው ወደ ጥንታዊ አምባዎች በእግር ይወጣሉ። ይህ የእነሱ ግቢ ልማድ ብቻ አይደለም። በማሃራሽትራ ግዛት ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ቅዳሜና እሑዶች ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው ሁሉ ዝናብ ለብሶ ተራራ ይወጣል። በበጋው፣ በተለይ በሚያዝያና በግንቦት፣ ሙቀቱ አያስወጣም፤ ተራራውም ደርቆ ቡናማ ነው። ሞንሱን ሲገባ ግን ሳሂያድሪ የሚባለው የተራራ ሰንሰለት በአንድ ጊዜ አረንጓዴ ይለብስና በየገደሉ ፏፏቴ ይንጠለጠልበታል። እኛ ክረምት ሲገባ ልጆቻችንን ወደ ቤት እንሰበስባለን፤ እነሱ ክረምት ሲገባ ልጆቻቸውን ይዘው ይወጣሉ።

በነሐሴ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማስታወቂያው ደረጃው ሥር ተለጠፈ። ጉዞው ወደ ሎሃጋድ፣ ከዚያም ፊት ለፊቱ ወዳለው ቪሳፑር ነው። ልጁ መሄድ ፈለገ። አባቱ ጽሑፍ የሚያስረክብበት ሳምንት ነው፤ እናቱ ከሕፃን ጋር ናት። «እኔ እወስደዋለሁ» ስል ልጄ ጡት እያጠባች ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ አንቺ ስድሳ አራት ዓመትሽ ነው። ግፊት አለብሽ። ደግሞ ፍልሰታን እየጾምሽ ነው።»

«ግፊቴ በክኒኑ ልክ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሲለካ ታያለሽ። ጾሙንም ሐኪሜም ንስሐ አባቴም ስለፈቀዱልኝ የጾም ቁርስ በልቼ ነው የምወጣው» አልኳት።

«ልጁስ? ዝናብ ሲመታው ቢውል ሳንባው ቢነካስ?»

እዚህ ላይ እናቶችና አያቶች ሁላችን የምንሰማትን አንዲት ነገር ላንሳ። በሥራ ዘመኔ ስንት እናት «ዝናብ መታውና የሳንባ ምች ያዘው» ብላ ልጇን ይዛልኝ መጥታለች! ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ የሳንባ ምችም በጀርም ነው የሚመጣው። ልጆች በክረምት የሚታመሙት በአብዛኛው በርና መስኮት ዘግተን በአንድ ክፍል ስለምናጉራቸውና አንዱ ለሌላው ስለሚያስተላልፍ ነው። ዝናብ ራሱ በሽታ አይደለም። ሰውነት እንደረጠበ ንፋስ ላይ መቆምና መቀመጥ ግን አደገኛ ነው፤ ሙቀትን ይሰርቃል። መንቀጥቀጥ ከጀመረ ማድረቅ፣ ልብስ መቀየር፣ ትኩስ ማጠጣት ነው። ስለዚህ በላስቲክ ከረጢት የተጠቀለለ ደረቅ ሹራብና ካልሲ ለልጁም ለእኔም ያዝኩ። የጥጥ ልብስ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ልጁን የስፖርት ማልያ አለበስኩት። ፕላስተር፣ ፋሻ፣ የግሉኮስ ዱቄት፣ የግፊት ክኒኔን፣ የተቀቀለ ድንችና ሙዝ ጨመርኩ። እግር ላይ ቁስል ካለ በጎርፍ ውሃ ውስጥ መንከር አይገባም፤ በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ በሞንሱን ወራት ይበዛል። የልጁን እግር ከጣት እስከ ተረከዝ አገላብጬ አየሁ። ልጄ ይህን ሁሉ ስታይ ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ወሰድኩት።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የፑኔ–ሎናቫላን የከተማ ባቡር ተሳፈርን። አሥራ ሰባት ሰዎች ነበርን፤ ታናሹ የልጅ ልጄ ነው። መሪያችን ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ ነው የሚይዙት። ከእኔ ሌላ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ሰው ነበሩ፤ የአንዱ ጎረቤታችን አባት፣ ከገጠር ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ፣ ከማራቲ በቀር ሌላ ቋንቋ የማያውቁ ቀጭን ሽማግሌ። ልጆቹ ሁሉ «አጆባ» ይሏቸዋል፤ በማራቲ አያት ማለት ነው። እኔን ደግሞ ያን ቀን «አጂ» አሉኝ፣ ሴት አያት። ባቡሩ ውስጥ ቁርስ ሲዞር አጆባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጋጥመው «ኡፓስ» አሉ። የልጅ ልጄን ስጠይቀው ጾም ነው አለኝ። ሽራቫን የሚባለው ወር ነው፤ ብዙዎች ሰኞ ሰኞ፣ አንዳንዶች ደግሞ ቅዳሜ ይጾማሉ። በልቤ «እኛስ ፍልሰታ ላይ አይደለን!» ብዬ ወደድኳቸው።

ማላቭሊ በምትባል ትንሽ ጣቢያ ወረድን። ከፈጣኑ የሙምባይ–ፑኔ አውራ ጎዳና በላይ በድልድይ ተሻግረን፣ ውሃ የሞላበት የሩዝ ማሳ ዳር ዳሩን ይዘን ባጄ ወደምትባል መንደር ደረስን። ከመንደሯ በላይ ሃያ ሁለት የዓለት ዋሻዎች አሉ፤ የቡድሃ መነኮሳት ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት አካባቢ የፈለፈሏቸው ናቸው። ትልቁ አዳራሽ ጣሪያው ላይ የእንጨት ወራጅ አለው። ላሊበላን ያየ ሰው እዚያ ቆሞ ዝም ማለት አይችልም። የእኛዎቹ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍለው እንደ ቤት የቆሙ ናቸው፤ እነዚህ ከጎን ወደ ውስጥ የተቦረቦሩ። ነገር ግን ዓለቱን በመዶሻ ያንኳኳው ሰው ልብ አንድ ዓይነት ይመስለኛል።

ከዚያ አቀበቱ ጀመረ። እርጥብ ድንጋይ ላይ አረማመዴን አጥብቤ፣ ከመቶ እርምጃ በኋላ ቆሜ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ እንደገና መቶ። ወጣቶቹ ይሮጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። አጆባ ግን አንድ ጊዜም አልቆሙም፤ በሸራ ጫማ፣ ፍየል እንደሚወጣ ነው የሚወጡት። ዝናቡ እንደኛ ሐምሌ ዝናብ ቁጣ የለውም፤ ግን አያቆምም። በዚያ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ከ4,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ 1,200 ገደማ ነው። ጭጋጉ ሲገለጥ ከፊታችን ሁለት አምባዎች ተፋጠው ቆመዋል፤ በግራ ቪሳፑር፣ በቀኝ ሎሃጋድ። አናታቸው ጠፍጣፋ፣ ወገባቸው ገደል። ሰሜን ሸዋ ወይም ወሎ ያደገ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢያመጡት አገሬ ነው ይላል። ምክንያትም አለው። የሁለቱም አገር ደጋ በጥንት ዘመን ከመሬት ሆድ ፈልቶ የተነጠፈ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ የእነሱ ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ፣ የእኛ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ውሃ ሲቆርጠው አምባ ይሆናል።

መምህሩ በሁለቱ አምባዎች መካከል ካለችው በር ላይ ቆመው ታሪኩን ነገሩን። «ሎሃ» ብረት፣ «ጋድ» ምሽግ ነው፤ የብረት አምባ እንበለው። የማራቶቹ ንጉሥ ሺቫጂ በ1648 ያዘው፣ በ1665 በውል ለሞጉሎች አስረከበ፣ በ1670 መልሶ ወሰደው። እነሱ ሺቫጂን የሚያነሱት እኛ ቴዎድሮስን እንደምናነሳው ነው፤ ሐውልቱ ያልቆመበት አደባባይ የለም። ዩኔስኮ በሐምሌ 2025 አሥራ ሁለት የማራታ ምሽጎችን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፤ ሎሃጋድ አንዱ ነው። ይህን ሲናገሩ ሰውየው ራሳቸው የገነቡት ነው የሚመስለው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ከሐበሻ አገር መጥተሽ ስለ ማሊክ አምባር ሳናወራ አንወጣም» አሉ። የልጅ ልጄ ጆሮው ሲቆም አየሁት። ማሊክ አምባር በ1548 ኢትዮጵያ የተወለደ፣ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ በየመንና በባግዳድ አድርጎ ደካን የገባ ሰው ነው። ባሪያ ሆኖ ገብቶ የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆነ። በጥቂት ፈረሰኛ፣ በሌሊት፣ በተራራ መንገድ እየመታ ገናናዎቹን ሞጉሎች ዓመታት አስጨነቃቸው። የሺቫጂ አያት ማሎጂ ከእሱ ሥር አገልግሏል፤ አባቱ ሻሃጂም በ1624 በባትቫዲ ጦርነት ከማሊክ አምባር ጋር ተሰልፏል። «የተራራ ውጊያን ከማን ተማርን መሰለሽ?» አሉኝ እየሳቁ። በምዕራቡ ባሕር ዳርቻ ደግሞ ጃንጂራ የሚባል የደሴት ምሽግ አለ፤ የያዙት ሲዲ የሚባሉ የሐበሻ ዘሮች ነበሩ። ማራቶች ደጋግመው ሞክረው ሊያስለቅቋቸው አልቻሉም።

እኔም ባዶ እጄን አልቀረሁም። ቪሳፑርን እያሳዩኝ እንግሊዞች በ1818 ሲይዙት በሮቹን በባሩድ እንዳፈረሱት ሲነግሩኝ፣ መቅደላን ነገርኳቸው። በ1868 የመጣው ጦር አዛዥ ናፒየር የቦምቤይ ጦር አዛዥ እንደነበረ፣ ሠራዊቱ በብዛት ከእነሱ አገር በመርከብ እንደተጫነ፣ መድፉንም 44 የህንድ ዝሆኖች እንደተሸከሙት ስነግራቸው ጃንጥላቸውን አጥፈው ቆሙ። አልሰሙም ነበር። እሳቸው የእኛን አንድ ሰው ሰጡኝ፤ እኔ የእነሱን 44 ዝሆን መለስኩላቸው።

ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ የድንጋይ ደረጃ ነው፤ አራት በሮች ተከታትለው አሉ፤ ጋኔሽ፣ ናራያን፣ ሃኑማን፣ መጨረሻ ላይ ታላቁ በር። መንገዱ በየበሩ እየተጠመዘዘ ስለሚሄድ ጠላት በአንድ ጊዜ ሊሮጥበት አይችልም። ቅዳሜ ስለሆነ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ደረጃው ላይ ውሃ እንደ ጅረት ይወርዳል። እናቶች ልጆቻቸውን በግድግዳው በኩል አድርገው ነው የሚይዙት፤ እኔም እንደዚያው አደረግሁ።

አናቱ ላይ ሣር፣ ኩሬና ፍርስራሽ አለ፤ ከዚያ በላይ ጭጋግ ነው። በምዕራብ በኩል አምባው ቀጥኖ እንደ ጅራት ረዝሞ ይወጣል፤ የጊንጥ ጅራት ይሉታል። ወጣቶቹና መምህሩ ወደዚያ ሄዱ፤ የአጆባ ልጅም አብሯቸው። ንፋሱ ጠንካራ ስለነበር እኔ ልጁን ይዤ ከዓለት በተፈለፈለ ክፍል ውስጥ ተጠለልኩ። ሁለት የጎረቤት ልጃገረዶችም አብረውን ነበሩ። አጆባ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

ለልጁ ሹራቡን ስቀይርለት ዓይኔ ከሽማግሌው ላይ አልተነሳም። ያ ሲገሰግሱ የነበሩ ሰው ትከሻቸው ወርዷል። አንዷ ልጅ ውሃ ስታቀብላቸው በቁጣ እጇን ገፉት። ልጅቷ ደነገጠች፤ ጠዋት ሙሉ ሲያጫውቷት ነበር። ቀርቤ እጃቸውን ያዝኩ፤ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዝቃዛ ነው። ብርድ ነው ልል ስል ግንባራቸውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። ወዲያው ተመልሶ ረጠበ። እኛ ጣሪያ ሥር ነን፤ ዝናብ እዚያ አይደርስም። ላብ ነው።

«ስማቸውን ጠይቅልኝ፤ የት እንዳለን ጠይቅልኝ» አልኩት የልጅ ልጄን።

በማራቲ ጠየቃቸው። አንድ ነገር አጉተመተሙ። ልጁ ዞሮ አየኝና፣ በአማርኛ፣ «እማማ፣ ባቡሩ ገና አልመጣም ነው የሚለው። ባቡሩ እኮ ጠዋት መጣ!» አለኝ።

ጾም፣ አቀበት፣ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የጠባይ መለወጥ፣ አሁን ደግሞ መቀባዠር። «በቦርሳቸው ውስጥ መድኃኒት እንዳለ ልይ በላቸው» አልኩ። ላስቲክ ውስጥ የተጠቀለለ የግሊሜፒራይድ እሽግ አገኘሁ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ባዶ ሆዳቸውን ክኒኑን ውጠው ከጠዋት ጀምሮ ተራራ ሲወጡ ውለዋል። ክኒኑ ስኳሩን ያወርዳል፣ አቀበቱ ያወርዳል፣ ምግብ የለም።

በመጀመሪያ መዋጥ መቻላቸውን ነው የማየው። ራሱን ለሳተ ወይም መዋጥ ለማይችል ሰው በአፉ ምንም አይጨመርም፤ ወደ ሳንባው ይገባል። እሳቸው ግን ነቅተዋል፣ ምራቃቸውን ይውጣሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ግሉኮስ በትንሽ ውሃ በጥብጬ ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኡፓስ።» እንደገና አስጠጋሁ፤ «ኡፓስ» ብለው አፋቸውን ጥርቅም። ይህን ጊዜ ሆዴ ራደ። ትንሽ ከቆዩ መዋጥም አይችሉም፤ ከዚያ በኋላ እዚያ ጭጋግ ውስጥ ያለ መርፌ ምን ላደርግ ነው? ሁለቱ ልጃገረዶች አንዷ አልቅሳለች፤ ሌላዋን መምህሩን እንድትጠራ ላክኋት።

የልጅ ልጄ ሽማግሌው ፊት በጉልበቱ ተቀመጠና ዝግ ብሎ ያናግራቸው ጀመር። አንድ ቃል አልገባኝም፤ «አጂ» እያለ ወደ እኔ ሲጠቁም ብቻ አያለሁ። ከዚያ ብርጭቆውን ከእጄ ወስዶ ራሱ ያዘላቸው። ጠጡ። ሙሉውን ጠጡ።

ሰዓቴን አየሁ። ሕጉ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ካልተሻለው ይደገማል። ደረቅ ሻርፕ ትከሻቸው ላይ ጣልኩና የልብ ምታቸውን እየቆጠርኩ ጠበቅሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ላቡ ቆመ። ትንሽ ቆይተው ቀና አሉና ልጁን አንድ ነገር ጠየቁት። «ለምን ሁላችሁም ታዩኛላችሁ?» ነው ያሉት። ግማሽ ማንኪያ ደገምኳቸው። ከዚያም ሙዝና ቺኪ የሚባለውን፣ ሎናቫላ የታወቀችበትን የለውዝና የጥቁር ስኳር ጣፋጭ አበላኋቸው። ግሉኮስ ቶሎ ያነሳል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ከኋላው ምግብ ካልተከተለው ሰውየው ተመልሶ ይወድቃል።

መምህሩና የሽማግሌው ልጅ እየሮጡ ደረሱ። ከሰዎቹ ገሚሱ «ኡፓስ ላይ ሻይና ፍራፍሬ እኮ ይፈቀዳል!» ብለው ክርክር ገጠሙ፤ የእኛን የቤተ ክርስቲያን ግቢ አስታወሱኝ። ለልጃቸው ሁለት ነገር ነገርኩት። ይህ ዓይነቱ ክኒን በሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚሠራ ስኳሩ ማታም ሊወርድ ይችላል፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው። የጾማቸውንና የክኒኑን ነገር ደግሞ ከሐኪማቸው ጋር ሳይነጋገሩ አንድ ላይ አያድርጉ።

ይህን እዚህም መናገር አለብኝ። በየቤታችን የስኳር ክኒን የሚወስዱ፣ ቅዳሴ እስኪወጣ ወይም ጀንበር እስክትጠልቅ እህል የማይቀምሱ እናቶችና አባቶች አሉ። የእኛ አገር ሰው በብዛት የሚወስደው ግሊቤንክላማይድ የዚያው የግሊሜፒራይድ ወንድም ነው። ክኒኑን ውጦ መጾም አደጋ ነው፤ በራስ ሥልጣን ክኒኑን ማቆምም ሌላ አደጋ ነው። የሚሻለው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪምንም ንስሐ አባትንም ወይም ሼኩንም ማማከር ነው። ልጆችም፣ አባታችሁ ጾም ላይ ድንገት ሲቆጡ፣ ሲያልባቸው ወይም ነገር ሲጠፋባቸው «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉ። ስኳር ከኩሽና ሩቅ አይደለም።

መምህሩ ጃንጥላቸውን ወደ ታች አመለከቱ፤ ቪሳፑር ቀረ። ሁለት ወጣቶች አጉረመረሙ፤ የልጅ ልጄም ከንፈሩን ጣለ። የቪሳፑር መንገድ በጅረት ውስጥ የሚወጣ ነው፤ ያን ቀን ከሩቅ ስናየው ደረጃው ራሱ ፏፏቴ ሆኗል። እኔ በመምህሩ ውሳኔ ደስ አለኝ፤ ሰውየው ባይታመሙም ኖሮ እንደዚያው እላለሁ።

ስንወርድ ጉልበቴ አቤት አለ። ቁልቁለት ላይ ጎን ለጎን፣ እግር አጥፎ መውረድ ነው። አጆባ በልጃቸውና በእኔ መካከል ሆነው፣ የእኔን ክንድ እንደያዙ ወረዱ። የልጅ ልጄ ከፊታችን አንድ ደረጃ ቀድሞ እየሄደ የሚያዳልጠውን ድንጋይ ይነግረናል፤ ለእሳቸው በማራቲ፣ ለእኔ በአማርኛ።

«ምን ብለህ ነው ያጠጣሃቸው?» አልኩት።

«አያቴም እየጾመች ነው፤ ግን ጠዋት በልታለች አልኩት።»

ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ፣ «እማማ፣ ማሊክ አምባር ወደ ቤቱ ተመልሷል?» አለኝ።

«አልተመለሰም። በ1626 እዚሁ ሞተ፤ መቃብሩ ኩልዳባድ ነው።»

ሁለት ደረጃ ወረደ። «እኛስ?»

«አባትህ ትምህርቱን ሲጨርስ ትመጣላችሁ» አልኩት። «እስከዚያ ድረስ ስልክ አለ።»

«ስልክ ላይ አማርኛዬ ይስቃል» አለ። ያስቃል ለማለት ነው። አላረምኩትም።

መንደሯ ደርሰን አንዲት ሴት ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥን። የቀረበልን ፒትላና ባክሪ ነው። ባክሪ የማሽላ ቂጣ ነው፤ ፒትላ ደግሞ የሽንብራ ዱቄት በሽንኩርት፣ በእርድና በአረንጓዴ ቃሪያ የተሠራ ወጥ። አንዴ ጠቅልዬ ስጎርስ ሳቄ መጣ። ሽሮ ነው! በርበሬው ብቻ ነው የጎደለው። የጾም ነው ወይ ብዬ ቅቤ አለመግባቱን አስጠየቅሁ፤ ዘይት ነው አሉኝ። ሁለት ባክሪ በላሁ። የቤቱ ባለቤት ሦስተኛ ስታመጣ እምቢ የሚባልበት ቃል በማራቲ ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ልጁም ሆነ ብሎ አልነገረኝም።

አጆባን ልጃቸው በዚያው ሎናቫላ ወደሚገኝ ሐኪም ወሰዳቸው። በማግስቱ ክኒናቸው መቀነሱን ሰማን። በሦስተኛው ቀን አንድ ካርቶን ቺኪ ይዘው ደጃችን ቆሙ። ልጄ ከሕፃኗ ጋር ወጥታ ስትቀበላቸው የሕፃኗን እግር ዳሰሱና ብዙ ነገር ተናገሩ፤ የልጅ ልጄ ለእናቱ በእንግሊዝኛ፣ ለእኔ በአማርኛ አስተረጎመ። ልጄ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን እያየች ነበር።

ክርስትናው አልፎ ለእንቁጣጣሽ አዲስ አበባ ገባሁ። ከመስቀል በኋላ አንድ እሑድ ማታ ስልኬ ጮኸ።

«እማማ፣ ቪሳፑር ወጣን! አጆባም ወጣ። ከመውጣታችን በፊት ሙዝ በልቷል።»

«በልተዋል» ነው የሚባለው አልኩት፤ «ለትልቅ ሰው።»

«እሺ፤ በልተዋል። ሁለት ሙዝ በልተዋል። እኔ ነኝ የቆጠርኩት።»